የሽታዬ ምልክት

በዚያ ደን ውስጥ ሥርዓት ነበረ። ሥርዓት አልነበረም ብሎ የሚያወራ ካለ ደኑን አያውቀውም። አንበሳ ይነግሣል፣ ዝንጀሮ ሸንጎውን ይመራል፣ ጅብ ይበላል፣ የቀረው ደግሞ ይሰማል። ተራራው ራስ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የዝግባና የወይራ ደን አለ። ከደኑ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ከምንጩ በታች፣ ሜዳው ላይ፣ ገበያ ይቆማል። ደኑ ምንጩን ይጠብቃል፣ ምንጩ ሁሉንም ያጠጣል፤ ይህን የማያውቅ እንስሳ አልነበረም። የሚያውቁትን ነገር እያወቁ ማጥፋት ግን ለእንስሳትም ቢሆን አልከበዳቸውም።

ነገሩ የጀመረው በሣር ነው። ከተራራው ግርጌ የሚበቅለው ሣር ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጠንካራና ለአጨዳ የሚያስቸግር ነው። የላይኛው ደን ሲቃጠል ግን በአመዱ ላይ ለምለም ሣር ቶሎ ብቅ ይላል። ይህን የደረሱበት፣ ደኑን እያቃጠሉም ሣሩን ለገበያ ያወጡት ጅብና ዘመዶቹ ናቸው። ጅብ ራሱ ሣር አይበላም፤ ሣር የሚበሉትን ግን አሳምሮ ያውቃቸዋል። ገበያ ላይ ሁለቱ ሣር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን አይለያቸውም፤ እንዲያውም ያመዱ ሣር ይበልጥ ያምራል። ማሩም እንደዚያው ነው። ዛፉ በእሳት ወድቆ የተገኘውም፣ ዛፉ ሳይነካ የተቆረጠውም አፍ ላይ እኩል ይጣፍጣል።

ሽማግሌው አንበሳ ደግ ነበር ለማለት አይደለም፤ ድኩላዎች ቢጠየቁ የሚሉት አላቸው። ነገር ግን አንድ በጋ ሊጠጣ ሄዶ የምንጩ ውሃ ጥፍሩን እንኳ እንደማይሸፍን ባየ ጊዜ ደነገጠ። ሸንጎ ጠርቶም እንዲህ አለ፦

"ደኑን የሚጠብቅ ዘበኛ ባቆም ዘበኛውን ትበሉታላችሁ። ስለዚህ ፍርዱን ለገዢው ሰጥቻለሁ። ደኑን ሳይጎዳ በተገኘ ሸቀጥ ሁሉ ላይ መንግሥቴ ምልክት ያደርግበታል። ለምንጩ የሚያስብ ምልክት ያለበትን ይግዛ፤ የማያስብም የፈለገውን ይግዛ። ማንንም አላስገድድም።"

ምልክቱ ምን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራከሩ። ቀለም ይለቃል፤ ጭረት ከሆነ ጥፍር ያለው ሁሉ ይጭራል። እንስሳ አጥብቆ የሚያምነው ደግሞ አፍንጫውን ነው። በመጨረሻ በጥርኝ ዝባድ፣ ከገላዋ በሚወጣው ሽታው ብርቱ በሆነ ቅባት፣ ተስማሙ። ዝባድ ዝናብ አያጥበውም፣ ፀሐይ ቶሎ አያጠፋውም፣ ከጥርኝ በቀር ማንም አያወጣውም። ለሥራውም የእመት ጥርኝ ብቸኛ ልጅ ሽታዬ ተመረጠች።

ሽታዬ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነበረች። ሸቀጡ ወደ እሷ አይመጣም፤ እሷ ሸቀጡ ወደተገኘበት ቦታ ትወጣለች። ሣሩ የታጨደበትን መሬት ትረግጣለች፣ ማሩ የተቆረጠበትን ዛፍ ትዞራለች፣ ጥንቸል ሥራ ሥር ቆፍራ ከሆነ ጉድጓዱ መደፈኑን ታያለች። ካመነችበት ጅራቷን አንሥታ ዝባዷን ታስነካዋለች። አመድ ካገኘች ዝም ብላ ታልፋለች። ጅብ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቆ ሊያባብላት ቢሞክር፣ "አያ ጅቦ፣ እኔ እሺ ብልህ እንኳ አመዱ እሺ አይልህም" ብላው ሄደች። ይህን ሰምቶ የሳቀውን ሁሉ ስም ጅብ ይዞታል።

እውነቱን ለመናገር ያ ዘመን መልካም ነበር። ለምንጩ ማሰብ የሚፈልግ ብዙ ነበር፤ የቸገራቸው የትኛውን እንደሚመርጡ አለማወቅ ነበር እንጂ። ምልክቱ ከመጣ በኋላ ሰስም ጥንቸልም ገበያ ገብተው ሳይጨነቁ መርጠው ይወጡ ነበር። የጅብ ሣር ቢጫ እስኪሆን ተከምሮ ቀረ። የሚያቃጥል ሲጠፋ ዝግባው አቆጠቆጠ፤ ምንጩም ተመልሶ የአንበሳውን ጉልበት ደረሰ።

ሽታዬ ከሥራ ስትመለስ የምታድረው እናቷ ዘንድ ነው። እመት ጥርኝ ለመኝታ ከገበያ ያመጣችውን ምልክት ያለበት ሣር ስታነጥፍ፣ ልጅቱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላት ነበር፦

"እማዬ፣ ምልክቴን ከማሽተትሽ በፊት ሣሩን አሽትቺው።"

"አንቺ አሽትተሽው የለም እንዴ?" ትላለች እናት። "ልጄ ሹም ሆና እኔ እንደ ድሮዬ አፍንጫዬን አፈር ውስጥ ልቅበር?"

"እኔም እኮ ልሳሳት እችላለሁ።"

"ሌላው ይሳሳት። አንቺ አትሳሳቺም።"

ሽታዬ ትስቃለች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ እናቷ ጆሮ ውስጥ አለ። እንዲህ የምትል እናት ግን እሷ ብቻ አልነበረችም። በደኑ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን፣ "ምልክቱ ካለ ብሉ፣ ከሌለ ተዉ" ብለው ማሳደግ ጀምረው ነበር። ከዚያ ወዲያ የተወለዱት ግልገሎች የምልክቱን ሽታ ከሩቅ ይለያሉ፤ የአመድን ሽታ ግን ያስተማራቸው የለም።

ሽማግሌው አንበሳ ሞተና ልጁ ነገሠ። ወጣቱ አንበሳ ጎፈሬው ያማረ፣ እንቅልፉ የከበደ ነበር። ጅብ በጠዋት እየተነሣ ደጁን ሲጠና ከርሞ የምልክቱ ሹም ሆነ። በተሾመ ዕለት በሸንጎው ፊት ያደረገው ንግግር እንባ የሚያመጣ ነበር።

"ሽታዬ ስትንከራተት እያየን ዝም አልን" አለ። "ያቺ ለጋ ልጅ አንዴ ተራራ፣ አንዴ ገደል፣ እሾህ ሲወጋት፣ ዝናብ ሲመታት ማን አዘነላት? እኔ ልቤ አልቻለም። ከእንግዲህ ሸቀጡ ራሱ ወደ እሷ ይምጣ። ከቤተ መንግሥቱ ጓሮ ቤት ይሠራላት። ተቀምጣ ትሥራ!"

ሸንጎው ተነሥቶ ደገፈ። ከሁሉ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ እልል ያለችው እመት ጥርኝ ናት። ልጇ ሊያልፍላት ነው።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ሽታዬ ወደ ቤት አልመጣችም። እናት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ልጇ የምትወደውን የሾላ ፍሬ ለቅማ የቤተ መንግሥቱ ጓሮ በር ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ቀበሮ ነው።

"እመት፣ ሥራ በዝቶባታል" አላት በትሕትና። "የመንግሥት ሥራ እኮ ነው። ያመጣሽውን ግን እኔ እሰጥልሻለሁ።"

"እናትሽ ደኅና ናት በልልኝ።"

"እላለሁ።"

ከዚያ በኋላ ይህ ልማድ ሆነ። እመት ጥርኝ ፍሬ ትለቅማለች፣ ቀበሮው ይቀበላል፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከበሩ ስትመለስ በገበያው በኩል ታልፋለች። ምልክቱ አሁን ያልነካው ሸቀጥ የለም፤ ሽታውም ከቀድሞው በርትቷል። ልጇን ባታያትም በየእስሩ ላይ ታገኛታለች። አፍንጫዋን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፈች፣ "ልጄ በርትታለች፣ ደኅና ናት ማለት ነው" ትላለች። ገበያተኛው፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የልጅሽ ምልክት አገሩን ሞላው" ይላታል። እሷም ዝቅ ብላ ታመሰግናለች።

ምንጩ ግን እንደገና መቀነስ ጀመረ። ሸንጎ ተጠራና ዝንጀሮ ነገሩን አብራራ፦

"ወገኖቼ፣ እንመርምር። ድሮ ምንጩ የቀነሰው ምልክት የሌለበት ሸቀጥ ስለምንገዛ ነበር። ዛሬ ምልክት የሌለበት ሸቀጥ ገበያችን ውስጥ አለ? የለም። እንግዲያው ጥፋቱ የእኛ አይደለም። የሰማዩ ነው።"

ሁሉም ቀና ብሎ ሰማዩን በቅሬታ አየው። ወደ ተራራው ቀና ያለ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እመት ጥርኝ ከገበያ አዲስ ያመጣችውን ሣር አንጥፋ ጋደም አለች። የጥርኝ እንቅልፍ ቀን ነው። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ቶሎ አልተኛችም፤ ተገላበጠች፣ ሣሩን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ አፍንጫዋም ከእስሩ ሥር ገባ። አስነጠሳት። አመድ ነበር።

ተነሥታ ቆመች። ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ግራ ስለገባት ልጇ ያለቻትን አደረገች፤ ምልክቱን ትታ ሣሩን አሸተተች። ሥሩ ጭስ ጭስ ይላል፤ አገዳው ላይ የተቃጠለ የዝግባ ሙጫ ሽታ አለ። ከዚያ ወደ ምልክቱ ተመለሰች፤ ይህን ያህል ጊዜ በደስታ ስትምገው የኖረችውን ያን ብርቱ ሽታ እንደ አዲስ አሸተተችው። ያኔ አንድ የቆየ ቀን ትዝ አላት።

ሽታዬ ገና ሕፃን ሳለች ዘንዶ ጎሬያቸው ድረስ ገብቶ ነበር። እናት ደርሳ አዳነቻት እንጂ አልቆላት ነበር። ያን ቀን ከትንሿ ገላ የወጣው ዝባድ እንዲህ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ብርቱ ነበር። ጥርኝ ስትፈራ ዝባዷ ይበረታል። ይህን እመት ጥርኝ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ ግን ልጇን ሹም ብላ ካሰበች ወዲህ ፈርታ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ደኅና ናት እያለች የተደሰተችበት ሁሉ የልጇ ጩኸት ነበር።

የሚቀጥለው ሸንጎ እስኪጠራ አልጠበቀችም። የሣሩን እስር በአፏ ነክሳ እየጎተተች፣ ንጉሡ ከምሳ በኋላ ወደሚያርፍበት የዋርካ ጥላ ሄደች። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ ተከተላት። ጎረቤቷ ጃርትም፣ "እህቴ፣ ምን ሆነሻል?" እያለች ከኋላዋ ትሮጥ ነበር።

እመት ጥርኝ ሣሩን ንጉሡ እግር ሥር ጣለችው።

"ንጉሥ ሆይ፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ" አለች። "አንደኛው፣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሣር አሽትቱት። ምልክቱን አይደለም፣ ሣሩን። ሁለተኛው፣ ልጄን አሳዩኝ። ልጄ ፈርታለች። ሌላ የምፈልገው የለኝም።"

ከንጉሡ ጎን የነበረው ጅብ ሳል ሳል አለው። "የእናት ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን ልጅቱ ያለችበት ቤት ራሱ ምልክት ያለበት ነው። አንድም ዝግባ ሳይጎዳ፣ ከወደቀ እንጨት የተሠራ ነው። ምልክት ባለበት ቤት የሚኖር ምን ይሆናል?"

ከተሰበሰቡት ከፊሉ፣ "እውነት ነው" አለ። ከርከሮ ግን የልቡን ሳይደብቅ ተናገረ፦ "እመት፣ አንቺ እንደምትዪው ምልክቱ ውሸት ከሆነ እኔ ነገ ገበያ ገብቼ በምን እመርጣለሁ? ልጆቼ ሌላ ማሽተት አያውቁም። እኔም ረስቼዋለሁ። ተይ፣ አታስጨንቂን።"

ጃርት ብቻ ወደ ሣሩ ጠጋ ብላ ጎነበሰች። ብዙ አሸተተች። ቀና ስትል አፍንጫዋ ላይ ግራጫ አመድ ነበር። ሁሉም አዩት።

ወጣቱ አንበሳ አዛጋ። "ልጇን አሳዩዋትና ልተኛ" አለ።

ጓሮ ሲገቡ ቤት የተባለው በግንድ የታጠረ ጠባብ ጎሬ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ጥርኝ ብትገባበት ዞራ መተኛት አትችልም። በግንዶቹ መሃል ቀጭን ሹል እንጨት ገብቷል፤ አጠገቡ የቀንድ ማንኪያ ተቀምጧል። በእንጨቱ እየወጉ ያስፈሯታል፣ ስትፈራ የሚወጣውን በማንኪያው ይፍቃሉ። በግድግዳው ሥር በዝባድ የተሞሉ ቀንዶች አፋቸው በቅጠል ተከድኖ ተደርድረዋል። ጎሬው ባዶ ነበር።

"ልጄስ?" አለች እመት ጥርኝ።

ቀበሮው መሬት መሬት አየ። "ካረፈች ቆየች፣ እመት። ክረምቱ ሳይገባ ነው።"

"ትናንት ፍሬ ተቀብለኸኛል።"

"የእኔ ሥራ መቀበል ነው።"

ከጎሬው ጥግ የሾላ ፍሬ ተከምሮ ነበር። ከሥር ያለው ደርቋል፣ ከላይ ያለው ገና ለስላሳ ነው። አንዱም አልተነካም። እመት ጥርኝ ከፊቱ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ እሷ ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

እንስሳቱም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ጥሩ ዝምታ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አንድ ነገር ይወልድ ነበር። ዝንጀሮ ግን ዝምታ አይወድም። ወደ ፊት ወጥቶ፣ "ሽታዬ በሥራዋ ላይ ሳለች አልፋለች! ስለ ምንጫችን የተሠዋች ጀግና ናት!" አለ። ጅብ በእጁ መዳፍ ዓይኑን እየጠረገ፣ "እሷ ብታልፍም ምልክቷ አያልፍም። ያሉት ቀንዶች ለልጅ ልጆቻችን ይበቃሉ" ብሎ ጨመረ። ወጣቱ አንበሳ የሐዘን ቀን አወጀና ሄዶ ተኛ።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ጅብ ይህን አልጠበቀም። እንስሳቱ ባዶውን ጎሬ አይተዋል፤ በጃርት አፍንጫ ላይ የነበረውንም አመድ አይተዋል። በየጎሬው ሹክሹክታ ተጀመረ። ጃርት ከቤት ቤት እየዞረች፣ "የምንጩን ነገር እናስብ፣ እንደ ድሮው እንደገና ማሽተት እንማር፣ ልጆቻችንንም እናስተምር" ትል ነበር። ሰስ እሺ አለች። ጥንቸልም እሺ አለች። ከርከሮ እንኳ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ "እናቲቱ የምታደርገውን አይቼ አደርጋለሁ" አለ። ይህ ቃል በደኑ ተዛመተ። ሁሉም በሚቀጥለው ገበያ እመት ጥርኝ የምታደርገውን ሊያይ ወሰነ።

ጃርት ለእመት ጥርኝ ነገረቻት። "ሌላ ነገር ማድረግ አይጠበቅብሽም፣ እህቴ። በሸቀጡ መሃል አልፈሽ ባዶሽን ውጪ። አንድም ሳትነኪ። ያ ብቻ ይበቃል፤ ማንም አይገዛም።"

"እሺ" አለች እመት ጥርኝ። "ለልጄ ስል አደርገዋለሁ። እሷም ይህንኑ ነበር የምትፈልገው።"

በገበያው ቀን ያ ሁሉ እንስሳ መጣ፣ ግን የሚገዛ አልነበረም። ሸቀጡ ተዘርግቶ፣ እንስሳቱ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጅብም ከጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። እመት ጥርኝ በመሃል ገባች። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ራሷን ቀና አድርጋለች። የፍርሃቱ ሽታ ከግራም ከቀኝም ይመታታል፤ ዘንዶው የገባበት ያ ቀን በየእስሩ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃታል። ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ጃርት ከዳር ሆና በልቧ ርምጃዋን ትቆጥርላት ነበር።

መውጫው አጠገብ አንድ እስር ሣር ለብቻው ተቀምጧል። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እመት ጥርኝ አጠገቡ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

በዚህ እስር ላይ ያለው ሽታ ፍርሃት አልነበረበትም። ሽታዬ በጎሬው ከመታሰሯ በፊት፣ ወይ በገባችባት በመጀመሪያዋ ቀን፣ ገና ምን እንደሚጠብቃት ሳታውቅ የተወሰደ ይሆናል። ዝባድ ከተጠራቀመባቸው ቀንዶች ከአንዱ ሥር የቀረ። ለስለስ ያለ፣ የደከመ፣ ከሥራ የተመለሰች ልጅ ሽታ ነበር። እናቷ ጎን ስትጋደም፣ ስትስቅ፣ "እማዬ፣ ሣሩን አሽትቺው" ስትል የነበረው ሽታ።

እመት ጥርኝ ጎነበሰች። ሣሩን አሸተተችው፤ አመዱ አለ፣ አወቀችው። እስሩን በአፏ አነሣች።

ከገበያው ዳር አንድ ድምፅ፣ "እናቲቱ ገዛች!" አለ። ሌላው ተቀበለው። "ገዛች እኮ! እናቷ ራሷ ገዛች!" ከርከሮ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከላዩ ላይ ከባድ ነገር እንደወረደለት ሁሉ ወደ ሸቀጡ ሮጠ። ሁሉም ተከተሉት። ሰስም፣ ጥንቸልም። ገበያው በአንድ ጊዜ ሞቀ።

እመት ጥርኝ ሰማች። ዞር አለች። "አትግዙ" ልትል ፈለገች፤ ለመናገር ግን በአፏ የያዘችውን መሬት ላይ መጣል ነበረባት። ጃርትን አየቻት፤ ጃርትም አየቻት። እናት ልጇን ከዚህ በላይ ስንት ጊዜ ትጥላለች? አልጣለችውም። ይዛው ሄደች።

ጃርት ምንም ሳትገዛ፣ ቀርበታዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወጣች። ውሃው ከሚፈልቅበት ቋጥኝ ሥር ደርሳ ጠበቀች። ጭቃው ላይ ንብ ብቻ ነበረች፤ እሷም ትንሽ ዞር ዞር ብላ ሄደች። ጃርት አፍንጫዋን ድንጋዩ መሃል ከትታ አሸተተች። የውሃ ሽታ አልነበረም።

ሲመሻሽ በእመት ጥርኝ ቤት በኩል ተመለሰች። ልትነግራት፣ ልትቆጣት፣ አብራትም ልታለቅስ ነበር ያሰበችው። በጎሬው አፍ ጎንበስ ብላ ስታይ እመት ጥርኝ ሣሩን አንጥፋ፣ አፍንጫዋን ውስጡ ቀብራ ተኝታለች። ፊቷ ልጇ ወደ ቤት የመጣችላት እናት ፊት ነበር።

ጃርት ባዶ ቀርበታዋን አነሣች። ከዚያ ሳትቀሰቅሳት ሄደች።